አንድ የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው የሚመጣልኝ፤ የቱን ልበላት?

ልብስ ሰፊዋ (ደሴ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው የምትኖረው። ለፋሲካ ትመጣለች። "ሻንጣዬ ሞልቷል፤ ለአንድ መጽሐፍ ግን ቦታ አላጣም፤ ምን ላምጣልሽ?" አለችኝ። ሳላስበው "የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ" አልኳት፤ ከንባቡ ጋር ማብራሪያ ያለውን ማለቴ ነው። "የቱን?" ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከአምስት ጎረቤቶቼ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን። አንዷ ታነባለች፣ የቀረነው እንሰማለን፣ ከዚያ የገባንን እንጫወታለን። ጥያቄው የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ባለፈው የይሁዳን መልእክት አነበብን። ከአዳም ሰባተኛ የሆነው ሄኖክ ትንቢት ተናገረ ይላል። የት ነው የተናገረው? የኔ መጽሐፍ ቅዱስ ባለ 66 መጻሕፍቱ ነው። ዘፍጥረትን ገለጥን። ሄኖክ ከእግዚአብሔር ጋር መሄዱንና መወሰዱን አገኘን፤ ትንቢቱ ግን የለም። ከዚያ በፊት ደግሞ ማቴዎስ 18 ላይ ያለው፣ ንጉሡ ዕዳውን ትቶለት እሱ ግን ባልንጀራውን በዕዳ ያነቀው ሰው አስቸገረን። እልፍ መክሊት ስንት ነው? መቶ ዲናርስ? አንዷ "መክሊት እኮ ተሰጥኦ ነው" አለች። ተሰጥኦ እንዴት ዕዳ ይሆናል? ዝም ተባባልን። ሌላው የዳዊት ነገር ነው። እናቴ ዳዊት ላይ 22 የሆነው መዝሙር እኔ ጋ 23 ነው። የታተመ ስሕተት ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ "ይሄ የጥናት ነው" ብለው ሸጡልኝ። ቤት ገብቼ ስገልጠው ማብራሪያ የሚባል የለውም። ከኋላ ሦስት ካርታ፣ በየገጹ ግርጌ የምዕራፍና የቁጥር ማጣቀሻ፣ አለቀ። ፊደሉ ደቃቅ ነው። ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ የዋለ ዓይን ማታ አያነበውም። ጥራዙም ስድስት ወር ሳይሞላው ተፈታ፤ በሱቄ ክር ነው የሰፋሁት።

የአባቴ እናት ሙስሊም ነበሩ። ቁርኣን ሲቀሩ ያልገባቸው ነገር ካለ እዚያው ገጽ ላይ ጣታቸውን ይዘው ሼኩ ቤት ድረስ ይሄዱ ነበር። እኔ ሥራዬ አያፈናፍነኝም። ጉባኤ ቤት ገብቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ለዚህ ነው ማብራሪያው አብሮኝ ቤት እንዲሆን የፈለግኩት። እንግሊዝኛዬ የ10ኛ ክፍል ነው፤ መዝገበ ቃላት ይዤ እገፋዋለሁ። እዚህ ለመግዣ የሚሆን ትንሽ ገንዘብም አስቀምጫለሁ። የቱን ልበላት?

ጡረተኛው መምህር (ሐይቅ)

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኘኝ። ጣታቸውን ገጹ ላይ ይዘው የሚሄዱትን አያትሽንም ነፍስ ይማር።

የሄኖክን ልንገርሽ። የፈለግሽው ትንቢት መጽሐፈ ሄኖክ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አለ። ጌታ ከእልፍ ቅዱሳኑ ጋር ለፍርድ እንደሚመጣ የሚናገረው ነው። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። በውጭ በተለመዱት የጥናት መጽሐፍ ቅዱሶች ውስጥ አታገኚውም። ስለዚህ ባስቀመጥሽው ገንዘብ የቤተ ክርስቲያናችንን ባለ 81 መጻሕፍቱን መጽሐፍ ቅዱስ ግዢበት። ሄኖክ፣ ኩፋሌ፣ ሦስቱ መቃብያን አሉበት። እነዚህ በሌሉበት ይሁዳን ማንበብ ግማሹን ደብዳቤ ማንበብ ነው።

የእናትሽ ዳዊትም አልተሳሳተም። ያንቺም አልተሳሳተም። ግእዙ የሰባ ሊቃናትን የግሪክ ትርጉም ይከተላል። ዕብራይስጡ 9 እና 10 ብሎ የከፈለውን ግሪኩ አንድ መዝሙር አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚያ ወዲያ የግእዙ ቁጥር አብዛኛውን በአንድ ያንሳል። 148 ላይ መልሰው ይገናኛሉ። "እግዚአብሔር ይሬእየኒ" በእናትሽ ዳዊት 22 ነው፤ "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" ባንቺ 23። መዝሙሩ አንድ ነው። ካህኑ በ50ኛው ጸልዪ ካሉሽ ያንቺን 51 ግለጪ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ የሚሉት ነገር ለኛ አዲስ አይምሰልሽ። አንድምታ እኮ እሱው ነው። ንባቡ በግእዝ ይቀመጣል። ከሥሩ ነጠላ ትርጉሙ በአማርኛ ይመጣል። ከዚያ ታሪኩና ሐተታው "አንድም፣ አንድም" እያለ ይቀጥላል። የአራቱ ወንጌል፣ የጳውሎስ መልእክታትና የዳዊት ታትመው ይሸጣሉ። አማርኛው የጥንት ነው፤ መጀመሪያ ያስቸግርሻል። ሰው የሚሰናከልበትን ልንገርሽ። "አንድም" ሲል ሌላ ፍቺ ጨመረ ማለት ነው፤ የፊተኛውን ሻረ ማለት አይደለም። እኔ በተማሪነቴ "ከነዚህ ትክክሉ የቱ ነው?" ብዬ የኔታን ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና "ሁሉንም ያዝ" አሉኝ። ገና ዛሬ ዛሬ ነው የሚገባኝ።

የምጽፍልሽ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ደጅ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጥያቄሽን ጽፈሽ ብትመጪ አብረን እንገልጠዋለን። ሥራሽ እሁድን አይነካም መቼም።

ኮምቦልቻዊው

እህቴ፣ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክሬን በዚያ መዝኚው። መምህሩ ስለ 81ዱና ስለ አንድምታ ባሉት ላይ አልጨምርም። እኔም ቤት የወንጌል አንድምታ አለ፤ ከብዙ የውጭ መጽሐፍ ይልቅ እሱን አነሳለሁ።

የመክሊቱን ግን ልመልስልሽ። ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ማቴዎስ 20 ላይ የወይኑ ባለቤት ሠራተኞቹን በቀን አንድ ዲናር ሲዋዋል ታያለሽ። አንድ መክሊት የገንዘብ ሚዛን ነው፤ 6,000 ዲናር ያህል ይሆናል። ተሰጥኦ የሚለው ፍቺ በኋላ ከማቴዎስ 25 ምሳሌ የወጣ ነው። እልፍ ደግሞ 10,000 ነው። እንግዲህ አስይው። ንጉሡ የተወለት ዕዳ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ነው። እሱ አንገቱን ያነቀው ባልንጀራ የነበረበት ዕዳ ደግሞ የ100 ቀን ነው። አንዱ የሌላው 600,000 እጥፍ ነው።

ይህን መጀመሪያ ያነበብኩት በአንድ የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ ግርጌ ላይ ነው። ከአጎቴ ልጅ ጋር በብድር ተቀያይመን ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ቤቱ ሄድኩ። ጥሩ ማስታወሻ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቃሉን አይተካም፤ ቃሉ እንዲደርስሽ መንገዱን ይጠርግልሻል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ ማስታወሻው ቃሉ አይደለም። እኛ ጋ አንድ ወንድም ግርጌውን ከንባቡ ጋር አያይዞ ሲያነብ ሰው ሁሉ "አሜን" አለ። የሰው ሐሳብ ነበር። ሲነበብ ለይታችሁ "ይሄ ማብራሪያው ነው" በሉ። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ እንዳያምታታሽ። ማርቆስ 15 ላይ አማርኛው ጌታ በዘጠኝ ሰዓት ጮኸ ይላል። ኤንአይቪ የሚባለው የእንግሊዝኛ ትርጉም "ከሰዓት በኋላ ሦስት" አድርጎ ወደራሳቸው አቆጣጠር ለውጦታል። እኛ ቀኑን ከጠዋት ስለምንቆጥር የወንጌሉ ሰዓት የራሳችን ሰዓት ነው። የሳምራዊቷን ሴት ስድስት ሰዓት ላይ ጉድጓዱ አጠገብ ስታነቢ ፀሐይዋ የት እንዳለች ማንም አይነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። ይሄ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ለምርጫው ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ልጅቷ መጽሐፍ መሸጫ ስትሄድ ይሁዳ 14፣ ማቴዎስ 18፥24 እና መዝሙር 22 ወይም 23 ያሉበትን ገጾች ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። አራተኛ የማርቆስ 16 መጨረሻ ይጨመር። ብዙዎቹ እዚያ ላይ "የጥንቶቹ ቅጂዎች ከቁጥር 9 ጀምሮ ያለው የላቸውም" የሚል ማስታወሻ አላቸው። ድንገት ሐሙስ ማታ ከምታገኚው አሁን እወቂው። ያንቺን ጥያቄ የማይመልስ መጽሐፍ፣ ስሙ ቢገንንም፣ አይምጣ።

የወልድያ ልጅ (አሜሪካ)

ኤንአይቪ ስተዲ ባይብልና ኦርቶዶክስ ስተዲ ባይብል የሚባሉት የእንግሊዝኛ የጥናት መጽሐፍ ቅዱሶች ሁለቱም አሉኝ፤ አጭር ላድርገው። ኤንአይቪ ስተዲ ባይብል መጀመሪያ የወጣው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ባለ 66 ነው። ካርታው፣ ሠንጠረዡ፣ የታሪክ ማስታወሻው ብዙ ነው። ያዘጋጁት የወንጌላውያን (የፕሮቴስታንት) ምሁራን ናቸው። ኦርቶዶክስ ስተዲ ባይብል ሙሉው የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ብሉይ ኪዳኑ ከሰባ ሊቃናት ነው፤ ስለዚህ ዳዊቱ በናትሽ ቁጥር ይሄዳል። ሐዲሱ ኒው ኪንግ ጄምስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ እሱም "ዘጠኝ ሰዓት" ብሎ ነው የተወው። ማብራሪያው ብዙ ጊዜ እንደ ዮሐንስ አፈወርቅ ያሉ አባቶችን ይጠቅሳል። ሄኖክና ኩፋሌ ግን የሉበትም። ያዘጋጁት እንደ ግሪክ ያሉት የምሥራቅ ኦርቶዶክሶች ናቸው። በ451 እ.ኤ.አ. ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከኛ ጋር የተለያየንበት ትምህርት አለ፤ ያንን የሚነካ ማስታወሻ ስታገኚ መምህሩን ጠይቂ። ሁለቱም ከባድ ናቸው። ትልቅ ፊደል ያለው እትም ካለ አጥብቃ ትጠይቅልሽ።

ልብስ ሰፊዋ (ደሴ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ ነው ያየኋቸው።

ኦርቶዶክሱን እንድታመጣልኝ ነገርኳት። ቁርጥ ያደረገኝ ዳዊቱ ነው። እናቴ በግእዝ፣ እኔ በመዝገበ ቃላት፣ ሁለታችንም 22 ብለን አንድ ገጽ እንገልጣለን። የኤንአይቪው ካርታና ታሪክ አስጎምጅቶኝ ነበር፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ባስቀመጥኩት ገንዘብ ደግሞ ባለ 81ዱን ገዛሁ። የወንጌሉ አንድምታ ለሚቀጥለው ወር ነው።

ትናንት ሐሙስ ማቴዎስ 18ን ደግመን አነበብን። ሒሳቡን በጠመኔ ጨርቅ ላይ ጻፍኩላቸው። ባለቤቷ የቀን ሠራተኛ የሆነች ጎረቤቴ 60 ሚሊዮን ቀን የሚለውን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ "መቶውም እኮ ትንሽ አይደለም፤ የሦስት ወር እንጀራ ነው" አለች። ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ይቅር የሚባለው ነገር እውነትም ዋጋ ያለው ነገር ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግራችን ሁሉ በሷ ቃል ላይ ነበር። አንቱ መምህር፣ አንድምታው ስለ መቶው ዲናር ምን ይላል? ጽፌ ይዤዋለሁ። እሁድ እንመጣለን፤ ሦስት ነን።