ኦዲዮቡክ ላይ ከባድ ሳይንስ ፊክሽን ስሰማ ስም ይጠፋኛል፣ ምን ላድርግ?

ትራከሩ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አሜሪካ ትራክ ነው የምነዳው፣ መንገድ ላይ ኦዲዮቡክ እሰማለሁ። አሁን የቻይናዊውን ሊዩ ሲሺን «ስሪ ቦዲ ፕሮብለም» ይዣለሁ፣ ሃሳቡ እንቅልፍ ይነሳል ግን ስሞቹ እየተምታቱብኝ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋኛል፣ እየነዳሁ ደግሞ መጻፍ አይቻልም። ሌላ ሲሪየስም ጠቁሙኝ፣ በየወሩ መክፈሉም ከብዶኛል።

ሃኒ፦ ወንድሜ እዛ ላይ የቤተሰብ ስም ነው የሚቀድመው፣ ዬ ዌንጂዬና ዬ ዠታይ ልጅና አባት ናቸው። ታሪኩ በ1967 በባህል አብዮቱ ይጀምርና ወደ እኛ ዘመን ይዘላል፣ አንተ ዬ ዌንጂዬን፣ ሳይንቲስቱን ዋንግ ሚያዎንና ፖሊሱን ዳ ሺን ብቻ ያዝ፣ ሌላው ይለፍህ። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ዋናው ሰው ሌላ ስለሆነ ሁሉንም መሸከም የለብህም።

አቤል ዲሲ፦ ክፍያውን ተወው ብሮ፣ የሰፈርህ ላይብረሪ ካርድ አውጣና ሊቢ የሚባለውን አፕ ጫን፣ ላይብረሪህ ካለው በነጻ ትዋሳለህ። ተፈላጊ መጽሐፍ ወረፋ አለው፣ ስለዚህ ሁለት ሶስቱን ቀድመህ ሆልድ አድርግ። ለሲሪየስ የአይዛክ አሲሞቭ «ፋውንዴሽን» አሪፍ ነው።

ሃኒ፦ አቤልዬ ፋውንዴሽንን እኔም እወደዋለሁ ግን ለሚነዳ ሰው አልመክርም፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ እኮ በየክፍሉ ብዙ አመት እየዘለለ ሰዎቹን ይቀይራል፣ አንዴ ሃሳብህ መንገዱ ላይ ከሄደ ስትመለስ ሌላ ትውልድ ነው። እኔ የምለው የኤድሪያን ቻይኮቭስኪን «ቺልድረን ኦፍ ታይም» ነው፣ 2015 የወጣ። ሸረሪቶች በሺህ አመታት ውስጥ አእምሮ አውጥተው ስልጣኔ ሲገነቡ፣ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ደግሞ በመርከብ ቤት ፍለጋ ሲመጡ ታያለህ። ትውልዱ ቢቀያየርም ሸረሪቶቹ ፖርሺያ፣ ቢያንካ፣ ፋቢያን በሚሉት ስሞች ነው የሚመላለሱት፣ ለጆሮ ቀላል ነው። ሸረሪት የሚጠላ ሰው ለሸረሪት እንዲያዝን ያደርጋል፣ ከምሬ ነው!

ትራከሩ፦ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ አቤል፣ ሊቢ ኔትወርክ በሌለበት መንገድስ ይሰራል?

አቤል ዲሲ፦ አዎ፣ ከመውጣትህ በፊት ዋይፋይ ላይ ዳውንሎድ አድርገው። ከበድ ያለው ምዕራፍ ላይ ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሰው፣ ጠዋት ስትነሳ ደግሞ የማታውን መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ መልሰህ ጀምር። ቆመህ ስታርፍ ኢቡኩንም እዛው መዋስ ትችላለህ፣ የጠፋብህን ስም ሰርች አድርገህ ታገኘዋለህ።