የዓሣ ፊሌቶው መጥበሻ ላይ እየተፈረካከሰ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ?

ለ4 ሰው ቀለል ያለ እራት ነው፦ 600 ግራም የቆሮሶ ፊሌቶ፣ 2 ዝኩኒ፣ 3 ካሮት። ዓሣውን በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በአንድ ሎሚ ጭማቂ አሽቼ 1 ሰዓት አቆየሁት። ጠርዙ ነጣ፤ ሎሚው ቀድሞ ያበሰለው ይመስለኛል። መጥበሻ ላይ ውሃ ለቀቀና ከመጠበስ ይልቅ ተቀቀለ፣ ሳገላብጠው ደግሞ ተበታተነ። በሶፍት አድርቄ ዱቄት ብነሰንስበት ተሻለ፤ ግን ዘይቱን ስለሚመጥ ቀላልነቱ ቀረ።

አትክልቱም ያው ነው፤ አንድ ላይ ስከታቸው ካሮቱ ሳይበስል ዝኩኒው ይላሽቃል። ካሮቱን ስንት ደቂቃ ላስቀድም? ሎሚውስ ከእሳት ሲወርድ ብቻ ይጨመር? 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ፊሌቶ በፎይል ጠቅልዬ ኦቨን ውስጥ በ200 ዲግሪ ብከተው፣ ሳይደርቅ በስንት ደቂቃ ላውጣው? እባካችሁ፣ የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።