ከጣና የወጣ አስከሬን፦ ሰምጦ ነው ወይስ ሞቶ ተጥሎ? በምን ይለያል?

የዘጌው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ባህር ዳር አንድ የሰፈራችን ሰው ሐይቁ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ግማሹ ከታንኳ ወድቆ ነው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ገድለው ጣሉት እያለ ያወራል። ግንባሩ ላይ ቁስል አለ። ሐኪም ይህን በምን ይለየዋል?

የላብራቶሪዋ፦
አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም። በአፍና በአፍንጫ ነጭ ደቃቅ አረፋ ካለ፣ ሳንባውም አብጦ ከከበደ፣ በሕይወት እያለ እንደሰመጠ ይጠረጠራል። የመዳፍ መጨማደድ ግን ምንም አይነግርህም፣ ሞቶ የተጣለም ውሃ ውስጥ ከቆየ እጁ ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው እጅ ይመስላል። ዲያቶም የሚባሉ፣ ሐይቅ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ደቃቅ አልጌዎችም አሉ። ሰውየው ውሃውን ወደ ሳንባው ሲስብ ልቡ እየመታ ከሆነ ከሳንባ ወደ ደም ገብተው እስከ አጥንት መቅኔ ይደርሳሉ፣ ከዚያ ከሐይቁ ውሃ ናሙና ጋር ይመሳከራሉ። ባይገኙም ግን አልሰመጠም ማለት አይደለም፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይከራከሩበታል።

ጎርጎራ፦
ቁስሉስ? ድንጋይ ወይ የጀልባ ሞተር ሊሆን ይችላል እኮ።

የላብራቶሪዋ፦
ይችላል። በሕይወት እያለ የደረሰ ቁስል ዙሪያው ደም ይቋጥራል፣ ከሞት በኋላ የመጣው ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይሆንም። ውሃ ግን ደሙን ስለሚያጥበው ዓይን ይሸወዳል፤ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ይሻላል።

ጋሽ ታንኳ፦
ልጄ፣ ካልተቀበረ ለቀብር አትቸኩሉ። ቤተሰቡ ፖሊስ ጋ ሄዶ የአስከሬን ምርመራ ይጠይቅ። እስከዚያ አስከሬኑን አትጠቡት፣ ልብሱንም እንዳትጥሉት!