60 ዳቦ ይዘን ወጣን፣ ተገፍተን ተመለስን፦ ጅማ ላይ የተራቡትን እንዴት እንርዳ?

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍሏ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ። ዘጠኝ ሆነን፣ ስድስት ሴትና ሦስት ወንድ፣ በረንዳ የሚያድሩ ሰዎችን ለመርዳት ተስማማን። ከኪሳችን አዋጥተን 60 ዳቦ ገዛን። ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደወጣን ሰው ይበዛል ብለን በቀጥታ ወደ ሂርማታ ገበያ ሄድን።

የሆነውን ልንገራችሁ። ገና ፌስታሉን ስንከፍት ልጆች ከየት መጡ ሳንል ከበቡን። ጉልበት ያላቸው አራት አምስት ዳቦ አፈሱ። ትንንሾቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። አንዷ ጓደኛችን ተገፍታ ጭቃ ላይ ወደቀች። አንድ ባለሱቅ ደግሞ "ደጄ ላይ ሰው አትሰብስቡብኝ!" ብሎ ጮኸብን። ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እሳቸው ጋ ምንም አልደረሰም። ፊታቸው እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን ግማሾቻችን "በቃ ይቅር" እያሉ ነው። እኔ መቀጠል እፈልጋለሁ። የት፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ይዘን እንሂድ? ገንዘቡንስ ማን ይያዝ? እናቴም "ሴት ልጅ ሆነሽ በረንዳ ለበረንዳ ምን ታደርጊያለሽ" ብላ ተቆጥታለች። የምናዋጣው ደግሞ ትንሽ ነው።

መልስ፦ ብየዳ ቤት

እህቴ፣ የወደቀችው ጓደኛሽ ደህና ናት? እኔ እዚሁ ጅማ አራት ዓመት ጎዳና አድሬያለሁ። አሁን ብየዳ ነው የምሠራው። ከዚያኛው ወገን ሆኜ ልንገርሽ።

ሐሙስን ተዪው። ሐሙስ ገበያ ነው፤ የሚሸከም ይሸከማል፣ የሚለቅም ይለቅማል፣ ጦሙን የሚያድር ጥቂት ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ በር ላይ ሰደቃ አለ። በ12፣ በ21፣ በ27 ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ንፍሮም ዳቦም ይገኛል። እሁድም እንደዚያው። ሰው ሁሉ ሊሰጥ የሚወጣው በእነዚህ ቀናት ነው። እኛ ሆዳችን የሚጮኸው ግን ሰኞና ማክሰኞ ነበር። የክረምቱማ አይነሳ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ሸክም የለ፣ ሊስትሮ የለ፣ ቡሌም እንደ ልብ አይገኝ። (ቡሌ የሆቴል ትራፊ ነው፤ የማታውቁ ካላችሁ።)

ሌላው ደግሞ፣ ሰው መሀል ፌስታል አይከፈትም። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ሁለት ሦስት ቀን ሰላም ብቻ በሉ። "አካም ጅርቱ" በሉ፤ ከገጠር የመጡ ብዙ ናቸው፣ አማርኛ የማይቀናቸውም አሉ። ማን የት እንደሚያድር ታውቃላችሁ። በየበረንዳው ትንንሾቹ የሚሰሙት አንድ ትልቅ ልጅ አይጠፋም። እሱን "ስንት ናችሁ? አንተ ቁጠርልን" በሉት። 14 ካለ 14 ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱው ያሰልፍ። ለራሱ አንድ ቢደርብ እንዳላያችሁ ሁኑ።

ፎቶ አታንሱ። አንድ ጊዜ ዳቦ ሰጥተው ቪዲዮ የቀረጹን ሰዎች ነበሩ። አጎቴ አይቶት ለእናቴ ነገራት። እሷ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራ የያዝኩ ነበር የሚመስላት።

መልስ፦ የዕድር ድስት

ልጆቼ፣ ተባረኩ። እኔ ኮቺ ሰፈር ነኝ፤ ለዕድራችን ወጥ ስሠራ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።

ሥጋ ያለበት ነገር አትያዙ። ጅማ ነው ያለነው፤ አንድ በረንዳ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ይተኛል። "ማን የባረከው ነው?" መባሉ አይቀርም፤ ቢርባቸውም የማይነኩት አሉ። ቅቤና እንቁላልም ለጾመኛ አይሆንም። ሽሮ ወይም ምስር በዘይት ከሆነ ማንም አይመልሰውም። እኔ 1 ኪሎ ምስር ለ12 ሰው ያህል አደርሳለሁ፤ ቀጠን ካደረጋችሁት ከዚያም ያልፋል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ በቀን ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ለማፍጠሪያ ድረሱ፤ ተምር ከተገኘ ጨምሩበት።

ማብሰሉ ከከበዳችሁ በሶ አለላችሁ። እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም። በንጹሕ ውሃና በስኳር በጥብጦ በኩባያ መስጠት ነው። አቮካዶም በወቅቱ እዚህ ርካሽ ነው፤ ዳቦ ውስጥ ተጨፍልቆ ሲገባ ሆድ ይይዛል። ቆሎ ግን ለልጆች እንጂ ለሽማግሌ አይሆንም። አንድ ጊዜ ይዤ ብሄድ አንድ አባት ስቀው ድዳቸውን አሳዩኝ፤ አፈርኩ።

እናትሽ ልክ ናት፣ አትቀየሚያት። ግን ብልሃት አለው። አንድ ድስት ሽሮ እሷ እንድትሠራ ለምኛት። ድስቷ ከወጣ እሷም ድስቷን ተከትላ ትወጣለች።

መልስ፦ እውነቱን ልናገር

ሁላችሁም ታመሰግኗታላችሁ እንጂ ይሄ ነገር ማስለመድ ነው። አብዛኞቹ ጤነኛ ወጣቶች ናቸው፤ ሠርተው ይብሉ። የምትሰጧቸውን ማስቲሽ ነው የሚገዙበት። አንቺም ብሔራዊ ፈተና እየመጣብሽ ነው፣ ብታጠኚ ይሻልሻል።

መልስ፦ ብየዳ ቤት

ወንድሜ፣ በእጅ ብር አትስጡ ካልክ እስማማለሁ። እኔም ሳንቲም ሲሰጡኝ ለምን እንዳዋልኩት አውቃለሁ። ግን አንድ ኩባያ በሶ ማስቲሽ አይገዛም። ማስቲሽ የሚሳበውም እኮ ብርዱንና ርሃቡን ለመርሳት ነው። "ሠርቶ ይብላ" ላልከው ደግሞ፣ ከትናንት ወዲያ የበላ ሰው 50 ኪሎ ጆንያ አንስቶ ያውቃል? እኔን ብየዳ ያስገባኝ ሰውዬ መጀመሪያ ለሁለት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ሻይ በዳቦ ነበር የሚያበላኝ። ከዚያ በኋላ ነው "ና ይሄን ብረት ያዝልኝ" ያለኝ።

የፈተናው ነገር ግን እውነት ነው እህቴ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ከአንዱ ማክሰኞ ወደ ሌላው ሳታቋርጡ መምጣት ይሻላል፤ ሰው መጠበቅ ይጀምራላ። የማትመጡ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩ።

መልስ፦ ጤና ጣቢያ

ነርስ ነኝ፣ በአጭሩ ልበል። የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ መበላት አለበት። የተረፈውን ለነገ ብላችሁ አታቆዩ። እጅ ማስታጠቢያ አንድ ጀሪካን ውሃና ሳሙና ያዙ፤ ለእነሱም ለእናንተም። ቀናት ሙሉ ሳይበላ የቆየ ሰው ካጋጠማችሁ ብዙ አታቅርቡለት። ትንሽ በትንሽ ይውሰድ። እግሩ ያበጠ ወይም ራሱን መቆጣጠር ያቃተው ከሆነ የሐኪም ጉዳይ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ካያችሁ ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ምሩት። የቲቢ ሕክምና በነፃ ነው፤ ይህን የማያውቁ ብዙ አሉ። መድኃኒት ግን ራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትሰጡ፣ ፓራሲታሞልም ቢሆን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ኅብረተሰቡ ውስጥ እየወጡ ነው የሚማሩት። አንድ ሁለቱን ብታነጋግሩ አብረዋችሁ የሚመጡ አይጠፉም።

መልስ፦ ጠመኔ

መምህር ነኝ። ብቻችሁን አትውጡ። ትምህርት ቤታችሁ የቀይ መስቀል ወይም የበጎ አድራጎት ክበብ ካለው በእሱ ሥር ግቡ፤ ከሌለ አንድ መምህር አስፈቅዱ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ በትምህርት ቤት ክበቦች በኩል መሥራት ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚያ ለቀበሌው አንድ ገጽ ደብዳቤ አስገቡ፦ ስንት ናችሁ፣ በየትኛው ቀን፣ የት፣ ኃላፊው መምህር ማን ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ካለ ባለሱቁም ቢጮህ ድምፁ ይቀንሳል።

ገንዘብ በማንም ተማሪ ቴሌብር እንዳይገባ። እመኑኝ፣ ጓደኝነት የሚፈርሰው በ200 ብር ነው። መምህሩ ይያዝ፣ ሁለት ተማሪ በደብተር ይመዝግብ፣ ደብተሩን የፈለገ ይየው። መንገድ ላይ ሣጥን ይዞ መለመን ፈቃድ ይጠይቃል፤ እሱ ይቅርባችሁ።

ሰዓቱ ከ10 እስከ 11 ተኩል ይሁን። ከመምሸቱ በፊት ሁላችሁም ቤታችሁ መግባት አለባችሁ። የሁሉም ወላጅ በጽሑፍ ይፍቀድ፣ የእናትሽም ጭምር።

የ11ኛ ክፍሏ (ከአራት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እንዳላችሁት አደረግን። ከዘጠኛችን ሁለቱ ቀሩ፣ ሰባት ነን። ሁለት ማክሰኞ ባዶ እጃችንን ሄድን፤ በጣም ያሳፍራል፣ አልዋሽም። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ራሱ "ምን ፈልጋችሁ ነው?" ብሎ ጠየቀን። ቁጠርልን አልነው፤ 17 አለ። በሦስተኛው ማክሰኞ 20 ኩባያ በሶ ይዘን ሄድን፣ ማንም አልተጋፋም። ባለፈው ደግሞ ሽሮ ነበር። እትዬ የዕድር ድስት፣ እርስዎ እንዳሉት እናቴ ድስቷን ተከትላ መጣች። ክዳኑን ለማንም አልሰጥም ብላ ይዛው ቆመች።

ያቺን ጥግ የነበሩትን እናትም አገኘናቸው። ምግቡን ተቀብለው ወደ ጎን አስቀመጡትና "ልጄ፣ ማንበብ ትችያለሽ?" አሉኝ። ከልብሳቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ የሐኪም ወረቀት ነው፣ ለእግራቸው ቁስል እንደገና እንዲመለሱ ተብሎ የተጻፈ። ቀኑ ካለፈ ስድስት ወር ሆኖታል። መክፈያ ስለሌላቸው ነው ያልሄዱት። መታወቂያም የላቸውም። ምን እናድርግላቸው?

መልስ፦ ጠመኔ

ለመታወቂያ ከቀድሞ ቀበሌያቸው መሸኛ ያስፈልጋል። ከየት እንደመጡ ጠይቂያቸውና ጻፊው። እሱ ጊዜ ይወስዳል፣ እግሩ ግን አይጠብቅም። አቅም የሌለው ሰው ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ሊጻፍለት ይችላል። ረቡዕ ጠዋት ትምህርት የላችሁም አይደል? ማመልከቻውን ዛሬ ጽፈሽ አምጪልኝ፣ አይቼው አብረን ወደ ቀበሌው እንሄዳለን።

መልስ፦ ጤና ጣቢያ

ቁስሉን እስከዚያ በምንም ነገር እንዳይቀቡት ንገሪያቸው። ረቡዕ ከቀበሌ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፤ ያችን የቆየች ወረቀትም እንዳይጥሏት፣ ይዘዋት ይምጡ።