ከኬሞ በኋላ አልለቅ ያለ የእግር መደንዘዝ፦ ያለ መድኃኒት ምን ረዳችሁ?

የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ኬሞዋን ከጨረሰች ወራት አልፈዋል። መጨረሻ ላይ የወሰደችው ፓክሊታክሴል የሚባለውን፣ ነርቭ ሊጎዳ የሚችል የኬሞ መድኃኒት ነው። ካንሰሩስ ተመስገን ነው፤ ያስቸገረን ነርቩ ነው። የእጇና የእግሯ ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ማታ ማታ ደግሞ ያቃጥሏታል። ነጠላ ጫማዋ መንገድ ላይ ወልቆ ሳይታወቃት ትሄዳለች። ምስር ስትለቅም ጠጠሩን በዓይኗ እንጂ በጣቷ አታገኘውም።

ለነርቭ ሕመሙ ዱሎክሰቲን የሚባል መድኃኒት ታዞላት ነበር። ማቅለሽለሹን ስላልቻለችው ሐኪሟ አስቆማት። መደንዘዙ ከሌላ ነገር የመጣ እንዳይሆን ስኳርና ቫይታሚን ቢ12 ተመርምራ ደህና ነው። ጎረቤት ሁሉ «በሙቅ ውሃና ጨው ንከሪው» ይላል፤ ሙቀት የማይለይ እግር ሳይታወቅ ስለሚቃጠል እሱን ትተነዋል።

ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር በእግር እንሄዳለን። ሜዳው ላይ ምንም አትል፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ትንገዳገዳለች። ፊዚዮቴራፒ ተጽፎላት የሄድንበት ቦታ ማሸት ብቻ ነው የሚሠሩላት፣ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ የለም።

ይህ የደረሰባችሁ ወይም ሰው ያስታመማችሁ፣ ቤት ውስጥ የትኛውን የሚዛን እንቅስቃሴ፣ በቀን ምን ያህል በመሥራት ነው አረማመዳችሁ የተስተካከለው?