በሃይሉክስ ከባድ ተጎታች እየሳቡ የዓባይን በረሃ መሻገር

ዘብቸና (ጠያቂ)፦

እንደምን ሰነበታችሁ? የምኖረው ብቸና ሲሆን ሥራዬ የጤፍና የስንዴ መውቂያ ማሽን ከአውድማ አውድማ እያዞሩ ማከራየት ነው። እስካሁን ማሽኑን በኪራይ ትራክተር ሳስጎትት ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን በታኅሣሥና በጥር ሁሉም ገበሬ በአንድ ጊዜ ስለሚወቃ ትራክተሩ በሚያስፈልገኝ ሰዓት አይገኝም። በዚህ ምክንያት ባለ ሁለት ጋቢና፣ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሃይሉክስ ገዛሁ። መኪናው ከእኔ በፊት ለመስክ ሥራ የተዘጋጀ ስለነበረ ባሌስትራው ከፍ ተደርጓል፤ ጎማዎቹም ከፋብሪካው ልክ ተለቅ ያሉ ናቸው።

አሁን አዲስ አበባ ላይ ባለ አራት ጎማ ተጎታች ከነማሽኑ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ተጎታቹ ባዶውን 650 ኪሎ፣ የመውቂያ ማሽኑ 900 ኪሎ፣ ጄነሬተሩ 400 ኪሎ ይመዝናሉ፤ እግረ መንገዴን 3 ኩንታል ዘር ብጭንበት ጠቅላላው 2,250 ኪሎ ይሆናል። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን የለውም። ማያያዣውን የሚሠራልኝ በያጅ ከኋላው ፓራውልት ጋር ሊበይደው አስቧል፤ «ሃይሉክስ 3 ቶን ይስባል፣ አያስቡ» ብሎኛል። እኔን ግን ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደውና ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ እያሳሰበኝ እንቅልፍ ነሥቶኛል። መኪናው ይህን ጭነት ይችላልን? ቁልቁለቱን በአራቱም ጎማ፣ በከባዱ ማርሽ ብወርድ ይሻል ይሆን? ጭነቱንስ በተጎታቹ ላይ እንዴት ላደላድለው?

የማርቆሱ መካኒክ፦

ወንድሜ፣ ሳይገዙ መጠየቅዎ ደግ ነው። በያጁ የነገሩዎት ቁጥር ግማሽ እውነት አለው። በአዲሶቹ ባለ 2.8 ሊትር ሃይሉክሶች በብዙ አገር የተፈቀደው 3,500 ኪሎ መሳብ ነው፤ ይህ ግን ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ፍሬን ለሌለው ተጎታች የተፈቀደው 750 ኪሎ ብቻ ነው። እርስዎ ያሰቡት ጭነት የዚህ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የእርስዎ መኪና ቀደም ያለ ሞዴል ከሆነ የተፈቀደለት ሊያንስ ስለሚችል የመኪናውን መጽሐፍ ከፍተው ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ይመልከቱ። በዚያው ገጽ የመኪናውና የተጎታቹ ጠቅላላ ድምር ክብደት ምን ያህል እንዲሆን እንደተፈቀደም ታገኙታላችሁ፤ አምስት ሰው በጋቢና፣ ጥቂት ኩንታል በስፖንዳ ከጫኑ በኋላ ለተጎታች የሚቀረው ከሚያስቡት በጣም ያነሰ ነው።

ሞተሩ ጭነቱን ከቦታው ማንቀሳቀሱን አልጠራጠርም። የሚያስጨንቀኝ ማቆሙ ነው። መኪናዎና ተጎታቹ አንድ ላይ 5 ቶን ቢሆኑና ከላይ እስከ ወንዙ ያለውን ከፍታ ዝቅ አድርገን 1,000 ሜትር ብቻ ብንለው፣ በዚያ ቁልቁለት ፍሬኑና ሞተሩ የሚሸከሙት ጉልበት ይህንኑ 5 ቶን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሳለ 40 ጊዜ ያህል ፍጹም ከማቆም ጋር እኩል ነው። ከዚህ አብዛኛውን ሞተሩ በማርሽ ካልያዘው ሁሉም ሙቀት ሆኖ በአራት የመኪና ጎማዎች ሸራ፣ ዲስክና ታምቡር ላይ ያርፋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ስለሚፈጠር ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በእኛ ጋራዥ የፍሬን ዘይት እስኪጠቁር ድረስ የሚነዱ መኪናዎች ብዙ ናቸው፤ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ ከጉዞዎ በፊት ደግሞ የግድ ይቀየር።

ስለዚህ ተጎታቹን ከገዙ መጀመሪያ ፍሬን ያስገጥሙለት። በቀላሉ የሚገኘው በግፊት የሚሠራው ዓይነት ነው፤ መኪናው ሲዘገይ ተጎታቹ ወደፊት ይገፋና ያ ግፊት የራሱን ፍሬን ይጫናል። ጉድለቱ በረዥም ቁልቁለት ላይ ሳያቋርጥ ስለሚይዝ መጋሉ ነው፤ ወደ ኋላ ሲነዱም መቀልበሻው ካልተሠራለት ይነክሳል። ከጋቢና የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን የተሻለ ነው፤ የሚገጥመው ሰው ግን ሥራውን የሚያውቅ መሆን አለበት።

ፓራውልት ላይ መበየድ የሚባለውን ነገር ግን ፈጽመው አይቀበሉ። ፓራውልቱ ራሱ በስስ ቆርቆሮና በጥቂት ብሎን የተያዘ ነው። ማያያዣው ከሁለቱም የሻንሲ ክንፎች ጋር፣ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ምልክት ባለባቸው ብሎኖች ይታሰር። የማያያዣው ኳስና በላዩ የሚቆለፈው የተጎታቹ አንገት ልካቸው አንድ መሆኑን ይለኩ፤ አነስ ያለ ኳስ በሰፊ አንገት ውስጥ ገብቶ የተቆለፈ መስሎ በመጀመሪያው ጉብታ ይወጣል። ሁለት ሰንሰለቶች ከአንገቱ ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ አንገቱ ቢያመልጥ በተጠላለፉት ሰንሰለቶች ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልት አይወጋም።

የመኪናው ከፍ ማለትም የራሱ ጣጣ አለው። ኳሱ ከፍ ሲል የተጎታቹ አፍንጫ ወደ ሰማይ ያይና ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዝቅ ያለ ማያያዣ አሠርተው ተጎታቹ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ተስተካክሎ እንዲቆም ያድርጉ። ትልልቆቹ ጎማዎችም ማርሹን ስለሚያረዝሙት ሞተሩ በቁልቁለት የመያዝ አቅሙን ይቀንሱበታል፤ ለዚህ ሥራ ወደ ፋብሪካው ልክ ቢመለሱ እኔ እመርጣለሁ።

የበረሃው ሹፌር፦

የመካኒኩን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ዓመት ስለነዳሁ ስለ አነዳዱ ብቻ ልጨምር።

ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ጎሃ ጽዮንን ለቀው ሜዳው ሳያልቅ ያስገቡ፤ በሁለተኛ፣ ካስፈለገም በመጀመሪያ ማርሽ ይውረዱ። ሞተሩ እየጮኸ ቢመስልዎም የዙሩ መቁጠሪያ ቀዩን እስካልነካ ድረስ አይደንግጡ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መንደርደር በቀላል መኪናም ቢሆን ነውር ነው፤ ተጎታች ይዞ ግን ሞትን መጥራት ነው። ፍሬኑን እየነኩ ከመውረድ ይልቅ ፍጥነቱ ሲጨምር ጠንከር አድርገው ይርገጡ፣ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ በመካከሉ ሸራው ይተነፍሳል። የሚቃጠል ሸራ ሽታ ከሸተተዎ ሰፊ ቦታ ፈልገው ይቁሙና እስኪበርድ ይጠብቁ። ውኃ ግን አያፍሱበት፤ የጋለ ታምቡር በቀዝቃዛ ውኃ ይሰነጠቃል።

ከባዱን የአራት ጎማ ማርሽ በተመለከተ፣ በሃይሉክስ ላይ የፊትና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ስለሚቆለፉ በደረቅ አስፋልት ጠምዛዛ መንገድ ላይ እንዲጠቀሙበት አልመክርም። በመጠምዘዣ ላይ የፊቱ ጎማ ከኋላው የበለጠ ርቀት ይሄዳል፤ በአፈር ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሳል፣ በአስፋልት ላይ ግን ጭንቀቱ በዲፈረንሻሉና በካምቢዮው ላይ ይከማቻል። መሪውም ይከብዳል። በአንደኛ ማርሽ በኋላ ጎማ ብቻ ቀስ ብሎ መውረድ ይበቃል፤ ያ የማይበቃው ጭነት ከሆነ መጀመሪያውኑ በዚህ መኪና መሳብ አልነበረበትም።

የበረሃውን አስፋልት ታውቁታላችሁ፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት መንገዱ እየተጠገነም ቢሆን ቦታ ቦታ እንደ ማዕበል ይጎብጣል። እነዚያ ጉብታዎች ተጎታቹን ያዘልሉታል፣ ከዚያም ጅራቱ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ መሪውን ወዲያና ወዲህ መመለስና የመኪናውን ፍሬን በድንጋጤ መርገጥ ውዝዋዜውን ያብሰዋል። መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ለብቻው የሚታዘዝ የተጎታች ፍሬን ካለዎት እርሱን ብቻ ይንኩት።

ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀን ሲወጡ ደግሞ ጠላትዎ ሙቀት ነው። የወንዙ ዳር ቆላ ስለሆነ አየሩ ራሱ የጋለ ነው፤ በማለዳ ቢሻገሩ መኪናውም እርስዎም ይተነፍሳሉ። በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን ከማስጨነቅ ቀድመው ማርሽ ይቀንሱ፤ የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ጠርዝ ይያዙ፣ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፉ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት እንዲሠራ ይተዉት፣ የራዲያተሩንም ክዳን በግለቱ አይክፈቱ። ሲቆሙ ለመኪናውም ለተጎታቹም ታኮ ያስገቡ። ታኮ ከሌለ ድንጋይ ይሆናል፤ ነገር ግን እባክዎ ሲነሡ ድንጋዩን ከመንገዱ ያንሡት። በሌሊት ስንት ጊዜ ሰው ጥሎት በሄደ ድንጋይ ላይ ወጥቻለሁ!

ዘጮቄ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና ነገሩን አላከበዳችሁትም? እኔ ፍሬን በሌለው ተጎታች ከሃያ ኩንታል በላይ እህል ከገጠር ወደ ከተማ ለሦስት ዓመት ስስብ አንድም ቀን ጉዳት አልደረሰብኝም።

የማርቆሱ መካኒክ፦

አንድም ቀን እንዳልደረሰብዎ አምናለሁ። ያንን ያደረጉት ግን በሜዳ፣ በ30 ወይም በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደሆነ እገምታለሁ። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ቁልቁለት ሲጨመርበት ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ፍሬን የሌለው ተጎታች እስኪያስፈልግ ድረስ ጉድለቱ አይታወቅም፤ የሚያስፈልገው ደግሞ አህያ ወይም ሕፃን ድንገት መንገድ ሲገባ ነው።

ዘሞጣ፦

ስለ ጭነት አደላደል ያልተመለሰ ጥያቄ ስላየሁ ልመልስ። ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት አሥር በመቶ ያህሉ በኳሱ ላይ ማረፍ አለበት፤ በእርስዎ ጭነት 225 ኪሎ ማለት ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ተጎታቹ ይወዛወዛል፣ በጣም ከበዛም የመኪናው አፍንጫ ይነሣል። ከመኪናው የኋላ ጎማ መሐል እስከ ኳሱ 1.2 ሜትር፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3 ሜትር ቢሆን፣ ያ 225 ኪሎ ከፊት ጎማዎች ላይ 90 ኪሎ ያህል አንሥቶ በኋላዎቹ ላይ 315 ኪሎ ይጭናል። መሪው የቀለለ ከመሰለዎ ምክንያቱ ይህ ነው። ባሌስትራ መጨመር የኋላውን መስመጥ ይደብቃል እንጂ ለፊቱ ጎማ ክብደቱን አይመልስለትም።

ለመመዘን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእህል ነጋዴ የወለል ሚዛን ካለ ተጎታቹን አግድም አስተካክላችሁ፣ ጎማዎቹን በታኮ ይዛችሁ፣ አንገቱን በኳሱ ቁመት ልክ በተቆረጠ ግንድ ላይ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አሳርፉት። የመውቂያ ማሽኑን ከተጎታቹ ዘንጎች በላይ፣ ጄነሬተሩን ከእርሱ ፊት ለፊት፣ ዘሩን ደግሞ ልኩ እስኪመጣ ድረስ እያቀረባችሁና እያራቃችሁ አስቀምጡት። ሁሉም በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ጠፍር ይታሰር፤ ቁልቁለት ላይ ወደፊት የሚንሸራተት ጄነሬተር ልኩን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ብቸና ከገቡ በኋላ ፈተናው ዋልካው ነው። እዚያ ከባዱ የአራት ጎማ ማርሽ ቦታውን ያገኛል። የጎማ ንፋስ መቀነስ በጭቃ ላይ ይረዳል፤ ሆኖም አስፋልት ከመውጣትዎ በፊት መልሰው ካልሞሉት የተጎታቹን ክብደት የተሸከመ ለስላሳ ጎማ ይግልና ይፈነዳል። ከተያዙ ተጎታቹን ፈትተው መኪናውን ብቻ ያውጡ፣ ከዚያ ተጎታቹን በረዥም ገመድ ከደረቅ መሬት ላይ ሆነው ይሳቡ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የመጎተቻ ገመድ በኳሱ ላይ ፈጽሞ አይንጠልጠል። ኳሱ የተሠራው ለተጎታች አንገት እንጂ በድንገት በኃይል ለሚወጠር ገመድ አይደለም፤ ከተሰበረ እንደ ጥይት ተወንጭፎ ሰው ይገድላል። ገመዱ በሻንሲው ላይ በተሠራ መጎተቻ ቀለበት ይታሰር፣ ከዳር የሚያዩትም ሰዎች ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቁ።

ዘብቸና (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከእናንተ መልስ በኋላ የመኪናውን መጽሐፍ ፈልጌ አነበብሁ፤ ፍሬን ለሌለው ተጎታች የተጻፈው እውነትም 750 ኪሎ ነው። ስለዚህ ማሽኑንና ጄነሬተሩን እስከ ብቸና በአይሱዙ ላስጭን ወስኛለሁ። የጭነቱን ዋጋ ሳሰላው ከአንድ ካምቢዮ ጥገና ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ተጎታቹን ባዶውን፣ 650 ኪሎውን ብቻ፣ በሃይሉክሱ እየሳብሁ እሻገራለሁ፤ ብቸና እንደደረሰ ማሽኑ ከመጫኑ በፊት የማርቆሱ ወንድሜ ዘንድ ወስጄ ፍሬን አስገጥምለታለሁ። ማያያዣውም በሻንሲው ላይ እንዲታሰር በያጁን ነግሬዋለሁ፤ ትንሽ አኩርፏል። ባዶ ለሚጎተተው ጉዞ ሌላ የምመለከተው ነገር ይኖራል?

የማርቆሱ መካኒክ፦

ተጎታቹ ሳይሠራ ቆሞ የከረመ ሊሆን ስለሚችል አራቱንም ጎማ አስፈትተው ኩሽኔታዎቹን ያሳዩ፣ አዲስ ግሪስም ያስሞሉ። የጎማ ዳዶዎቹን ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ደግሞ ሁለተኛ ያጥብቋቸው፤ እዚያው ሳሉ የእጅዎን ጀርባ ወደ ቸርኬው መሐል ጠጋ ያድርጉና አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ከሆነ ቁልቁለቱን አይጀምሩ። የፍሬቻና የስቶፕ መብራቱ ሽቦም ከመኪናው ጋር ይገናኝ። ባዶ ተጎታች ቀላል ስለሆነ በጉብታ ላይ ይዘላል፤ ከ60 በላይ አይንዱ፤ ማርቆስ ሲመጡ ደግሞ ታምቡሩ የሚገጠምበትን ዘንግ ልክ አስቀድመው ይላኩልኝ።