የኢላማ ጠመንጃ ምላጭ መቀየር ለምትፈልጉ፦ የሞከርኳቸውና የምመክረው

ሰላም ወገኖች። ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። ሁለቱ ውጭ አገር ያሉ የቢቸና ልጆች ናቸው። ሦስተኛው የእህቴ ልጅ ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ የኢላማ ተኩስ ክለብ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። "የጠመንጃዬ ምላጭ አልተመቸኝም፣ በምን ልቀይረው?" ነው የሚሉት። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ሌላውም ይጠቀምበት ብዬ ነው። እኔም ወደ ደብረ ማርቆስ ከመመለሴ በፊት እዚያው ኮሎራዶ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከክለብ አልቀርም ነበር።

አስቀድሜ ይህን ልበል። የምጽፈው ክለብ ገብቶ፣ በፈቃድ፣ ወረቀት ላይ ለሚተኩስ ሰው ነው። አገር ቤት ያላችሁ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እንዳለ አትርሱ፤ መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። የአያት ውርስ ነው ብላችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ ምላጭ መፍታት አትጀምሩ።

ቃታ የሚለውን ቃል ሰው ለተለያየ ነገር ሲጠራበት ስለምሰማ፣ እዚህ ምላጭ ያልኩት ጣት የሚስበውን ክፍል ከነውስጡ መሆኑ ይያዝልኝ።

አሁን ወደ ነገሩ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ነው በጣም ቀላሉ?" ብሎ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ጥሩ ምላጭ የሚባለው ዛሬም ነገም፣ በአንደኛውም በአምሳኛውም ጥይት፣ እዚያው ቦታ ላይ በዚያው ክብደት የሚለቅ ነው። ክብደት የምለው ምላጩ እንዲለቅ ጣት የሚስብበትን ኃይል እንጂ የዕቃውን ክብደት አይደለም። አንድ ኪሎ የሚከብድ ሆኖ ሁልጊዜ አንድ ኪሎ የሆነ ምላጭ፣ አንዴ 300 ግራም አንዴ 500 ግራም ከሚሆነው በብዙ ይሻላል። ጣት የሚማረው ተደጋግሞ አንድ የሆነውን ነው።

ይህን ያወቅኩት እዚህ ጎጃም እንጂ አሜሪካ አይደለም። አጎቴ የአባታቸው ምንሽር ነበራቸው። ልጅ ሆኜ ባዶውን ጠመንጃ ያሲዙኝና አፈሙዙ ላይ ሳንቲም ያስቀምጡ ነበር። "ሳብ፣ ሳብ፣ ግድግዳ እስኪነካህ ሳብ። እዚያ ቁም። አሁን ትንፋሽህን ያዝና ጨርሰው" ይሉኛል። ሳንቲሟ ከወደቀች እንደገና ነው። እሳቸው ስም አላወጡለትም እንጂ ያ ምላጭ ዛሬ ባለ ሁለት ደረጃ የሚባለው ነው። የድሮ የጦር ሜዳ ጠመንጃዎች፣ ማውዘሩም ማንሊከሩም፣ በዚህ ዓይነት ነው የተሠሩት። መጀመሪያ ቀለል ያለ ጉዞ አለው፤ ቀጥሎ ጣት ግድግዳ የመሰለ ነገር ይነካል፤ ከዚያ ትንሽ ሲጫኑት ይለቃል። ባለ አንድ ደረጃው ግን ከመጀመሪያው ግድግዳው ላይ ነው። ምንም ጉዞ ሳይኖረው እንደ ቀጭን ብርጭቆ ጠቅ ብሎ ይሰበራል።

የቱ ይሻላል? ረጋ ብሎ፣ ተኝቶ፣ ጊዜ ወስዶ ለሚተኩስ ባለ ሁለት ደረጃውን እወድለታለሁ። ግድግዳው ላይ ቆሞ መተንፈስ ይቻላል። ቶሎ ቶሎ ቦታ እየቀያየረ በሰዓት ለሚተኩስ ባለ አንድ ደረጃው ይቀለዋል።

ገበያ ላይ ካሉት ውስጥ ብዙ የተኮስኩበት ትሪገርቴክ ነው፤ የካናዳ ሥራ ነው። ልዩነቱ ውስጡ ነው። በአብዛኛው ምላጭ ውስጥ ሁለት የብረት ጠርዞች ተደጋግፈው ይቆሙና ሲሳብ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ሲስቡት የሚሰማው መንፏቀቅ የዚያ ፍትጊያ ነው። ትሪገርቴክ በሁለቱ መሃል ትንሽ ተንከባላይ ብረት አስገባበት፤ ስለዚህ መፋተጉ ቀርቶ መንከባለል ሆነ። እውነትም ሲለቅ ጉዞው አይታወቅም። ክብደቱ ከውጭ በቁልፍ ይስተካከላል፤ ስታዞሩት ቀጭ ቀጭ ስለሚል ስንት እንዳዞራችሁ መቁጠር ትችላላችሁ፣ በራሱም አይላላም። ሬሚንግተን 700 ለሚባለው ጠመንጃ የተሠራው ስፔሻል የሚባለው ከ450 ግራም እስከ 1.6 ኪሎ ይሄዳል። ዳይመንድ የሚባለው ከ113 ግራም ገደማ ጀምሮ እስከ 900 ግራም ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሳጥኑ ላይ የምታገኙት በፓውንድና በአውንስ ስለሆነ፣ ፓውንዱ 454 ግራም፣ አውንሱ 28 ግራም ነው ብላችሁ አስሉት።

ቲምኒ የአሪዞና ፋብሪካ ነው፣ ከ1946 በፈረንጅ ጀምሮ ምላጭ ይሠራል። በዋጋ ከዳይመንዱ ይረክሳል። ለሬሚንግተን 700 የሚሆነው 510 የተባለው ከ680 ግራም እስከ 1.8 ኪሎ ይስተካከላል። ጥርት ብሎ ይለቃል። በቀላሉ የማይበላሽ፣ ሥራውን የሚሠራ ዕቃ ነው። ገንዘብ አጠር ላለው ሰው ያለምንም ማመንታት እመክራለሁ፤ የተረፈውን ጥይት ይግዛበት፣ ልምምዱ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ጂዌል የቴክሳስ ነው። ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ለሚተኩሱት ለረጅም ጊዜ ሁነኛ ምርጫ ሆኖ ኖሯል፤ በጣም ዝቅተኛ ክብደት ድረስ ይወርዳል። ስሜቱ ውብ ነው። ግን አቧራ አይወድም። ውስጡ ዘይት ከነካው ደግሞ ዘይቱ አቧራውን ይሰበስባል። የለመዱት ሰዎች በላይተር ቤንዚን እያጠቡ ያደርቁታል፣ ዘይት ፈጽሞ አያስጠጉትም። በጋ ላይ የደጀንን መንገድ አቧራ የቀመሰ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ጥላ ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የምትተኩስ ከሆነ ውሰደው። መሬት ላይ የምትተኛ ከሆነ ግን ይቅርብህ ወንድማለም።

ቢክስ ኤንድ አንዲ የኦስትሪያ ነው። ውስጡ በጥቃቅን ኳሶች ይሠራል። የጓደኛዬን ሞክሬዋለሁ፤ እጅ ላይ ካየሁት ሁሉ ምርጡ ነው። ዋጋው ግን ለጀማሪ አይመከርም።

ቲካ ቲ3ኤክስ የሚባለው ጠመንጃ ያላችሁ ምንም አትግዙ። ፋብሪካው የገጠመው ምላጭ ከ900 ግራም እስከ 1.8 ኪሎ ስለሚስተካከል መጀመሪያ የእሱን ክብደት ዝቅ አድርጉና አንድ ወቅት ተኩሱበት።

እኔ ራሴ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመቴ በጣም ቀላል ምላጭ አስገጠምኩ፣ 60 ግራም አካባቢ። ሞቅ ባለ ቀን ደስ ይል ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ፣ እንደ ጮቄ ንጋት ያለ ብርድ፣ ጣቴ ደንዝዟል። ጣቴ ምላጩን መንካቱን እንኳ ሳላውቅ ተኮሰ። ጥይቱ ከፊቴ አሥር ሜትር ላይ አፈር ውስጥ ገባ። ሰው አልተጎዳም፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው ስለነበር። የሜዳው ኃላፊ ያን ቀን አሰናበተኝ፤ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ400 ግራም በታች ወርጄ አላውቅም፣ ጓንት የሚያደርግ ሰውም እንዲወርድ አልመክርም።

ያገለገለ ሬሚንግተን 700 ለምትገዙ ደግሞ ይህን እወቁ። ኤክስ ማርክ ፕሮ የሚባለው ምላጭ በ2014 ፋብሪካው ይመለስልኝ ብሎ ጥሪ አድርጎበታል። ከግንቦት 2006 እስከ ሚያዝያ 2014 የተሠሩት ናቸው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ነው። ምክንያቱ ሲገጣጠም ውስጡ የገባ ትርፍ ማጣበቂያ ነበር፤ ምላጩ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል ተብሎ ነው። የጠመንጃውን መለያ ቁጥር ሳታጣሩ ጥይት አታጉርሱት። ለዚህም ነው ብሎን እንዳይላላ ብሎ ምላጭ ውስጥ ማጣበቂያ የሚያንጠባጥብ ሰው ሳይ የምደነግጠው።

መግጠሙን ለባለሙያ ስጡት። ከባለሙያ ከተረከባችሁ በኋላ ግን እናንተም ፈትሹት። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይሁን። አቀባብሉና ማቀባበያውን ደጋግማችሁ በኃይል ዝጉት፤ ጥይቱን የሚመታው መርፌ መውደቅ የለበትም። ሴፍቲውን ቆልፉና ምላጩን ሳቡት፣ ልቀቁት፣ ከዚያ ሴፍቲውን ክፈቱ። ሲከፈት ከተኮሰ ያ ጠመንጃ ከቤት አይወጣም። ሰደፉን በጎማ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። ከነዚህ በአንዱ እንኳ መርፌው ከወደቀ ክብደቱ ከሚገባው በላይ ወርዷል ወይም ገጠማው ልክ አይደለም፤ ወደ ባለሙያው መልሱት።

ክብደቱን በጣት አትገምቱ። መለኪያ ግዙ ወይም ከክለቡ ተዋሱ። አሥር ጊዜ ለኩና ትንሹንና ትልቁን ተመልከቱ። ልዩነቱ 30 ግራም ውስጥ ከሆነ እኔ ደስ ይለኛል።

ውድድር የምታስቡ ደንቡን አንብቡ። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የ300 ሜትር ስታንዳርድ ጠመንጃ ምላጭ ከ1500 ግራም ማነስ አይችልም። 200 ግራም ላይ ተለማምዶ ለዚያ ውድድር መቅረብ ጣትን እንደ አዲስ ማስተማር ነው።

የእህቴ ልጅ፣ ያንተ መልስ ይኸው። ጠመንጃህ በርጋራ ቢ14 ስለሆነ የሬሚንግተን 700 ምላጭ ይቀበላል። የማቀባበያው መልቀቂያ ግን ጎኑ ላይ የራሱ አለው፤ ስለዚህ ስታዝ መልቀቂያ የሌለውን በል፣ ሁለት ዓይነት ይሸጣሉ። ትሪገርቴክ ስፔሻል ውሰድ። 900 ግራም ላይ አስተካክለውና እስከ ፋሲካ አትንካው። ማታ ማታ ባዶውን ልምምድ አድርግበት፣ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጠህ። ሃያ ጊዜ ሳትወድቅ ስትቀር ደውልልኝ፣ ያኔ ወደ 700 እናወርደዋለን።